ሽምደዳ ሙዚቃ አይሆንም

«አንዳንቴ ምንድን ነው?» ተብሎ በወረቀት የተጠየቀ የመቀሌ የሙዚቃ ተማሪ «መካከለኛ ዝግታ» ብሎ ይጽፋል፤ ነጥቡንም ያገኛል። «እስቲ በአንዳንቴ አጨብጭብ» ቢሉት ግን ዙሪያውን ያያል። ለመሆኑ ያ ነጥብ የምን ነጥብ ነው?

የሙዚቃ ቲዎሪ ፈተና በተቃረበ ቁጥር ወጣቶቻችን የጣልያን ቃላት ዝርዝር ይዘው ያነበንባሉ። ፎርቴ ጮክ፣ ፒያኖ ለስለስ፣ ክሬሼንዶ ቀስ በቀስ ከፍ፣ ፌርማታ ከልኩ በላይ ያዝ። ፈተናው ሲያልፍ ቃሉም አብሮ ያልፋል። ድምፁ መጀመሪያውኑ ጆሮ አልገባምና።

ይህን ስናገር «ባዕድ ቃል ይውጣልን» የሚሉ ወገኖች ደስ እንዳይላቸው። ኖታ ለአገራችን ውለታ ውሏል። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የተጫወቱት በኖታ ነው። አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘውን ድርሰቱን የሃንጋሪ ኦርኬስትራ እንዲጫወተው ያደረገው በኖታ ነው። የመቀሌ ልጅም ይህ በር ሊዘጋበት አይገባም። ጠቤ ከቃሉ ጋር ሳይሆን ከአፈታተኑ ጋር ነው።

መቀሌ ውስጥ ሠርግ ያላየ ልጅ የለም። ጓይላ ሲጀመር ጨፋሪው ክብ ሠርቶ በከበሮው ምት እየተራመደ ይዞራል። ቆይቶ ከበሮው ይፈጥናል፣ ትከሻው ይርገበገባል፣ ጨዋታው ይደራል። አንዳንቴ በጣልያንኛ «እየተራመዱ» እንደማለት ነው፤ አሌግሮም «ደስተኛ» የሚል የአዘቦት ቃል ነው። ጣልያኑ ከመንደሩ ያመጣውን ቃል የእኛ ልጅ ከመንደሩ ጭፈራ ጋር እንዲያገናኝ ማን ከለከለው? ሁለቱንም ፍጥነት እግሩ ያውቃቸዋል። የጎደለው ስማቸውን ከእግሩ ጋር የሚያስተዋውቅለት መምህር ነው።

የተሻለ አፈታተን ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በትግራይ ምድር፣ በአክሱም፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለረጅም ዘመን በቃል ሲወራረስ ኖሮ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንዳበጁለት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ፣ ሒደት፤ የብዙዎቹ ስም ራሱ ድምፁ ምን እንደሚሆን ይጠቁማል። ደረት ድምፁን ከደረት ያወርዳል፤ ቁርጥ ይቆርጠዋል።

ታዲያ የዜማ መምህሩ «ርክርክን ተርጉም» ብሎ ወረቀት አያድልም። «በል» ይላል። ተማሪው ይላል፤ ከሳተ መምህሩ ራሱ ብሎ ያሰማዋል፤ እንደገና ያስብለዋል። ድጓ አስመስክሬያለሁ ለማለት ቤተ ልሔም ድረስ ተጉዞ በመምህር ፊት መዝለቅን ይጠይቅ ነበር እንጂ «ትክክለኛውን መልስ አክብብ» አይባልም። የዱላውን ነገር አልደግፍም። ምልክት የሚታወቀው በአፍ ሲወጣ ነው የሚለውን ብልሃት ግን ዘመናዊ ነኝ የሚለው የሙዚቃ ክፍል ከዚህ መማር ነበረበት።

«ተማሪው ብዙ፣ መምህሩ አንድ» የሚል ምክንያት ይመጣ ይሆናል። ለአንድ ተማሪ ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ ሠላሳ ተማሪ በአንድ ሰዓት ያልቃል። የወረቀቱ እርማት ከዚህ ያነሰ ጊዜ ይፈጃልን?

«ጊዜ የለንም» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት የትግራይን ልጆች የትምህርት ዓመታት በልቶባቸዋል። ይህን ያህል የተቀማ ተማሪ የቀረውን ጊዜ በከንቱ ሽምደዳ እንዲያባክን መፍረድ ግን ሁለተኛ ቅሚያ ነው።

ስለዚህ የቲዎሪ ፈተና እኩሌታው በአፍና በእጅ ይሁን። ተማሪው ክሬሼንዶን ይዝፈነው፤ ፌርማታን በክራር ያሳየው፤ በጆሮው የሰማትን አጭር የትዝታ ሐረግ በኖታ ይጻፋት። የወረቀቱ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ልክ ናቸው። ነገር ግን የሚወረሰው አንባቢ ሲገኝ ነው፤ የኖታ አንባቢ ማለት ደግሞ ምልክቱን አይቶ ድምፁን የሚያወጣ ሰው ማለት ነው።