ቀለም፣ ጠበቃና ሐኪም

ሰሞኑን አነስተኛ የቀለም ማምረቻ ያላቸው አንድ አባት የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀትና ድካም አስቸግሯቸው ወደ እኔ መጥተው ነበር። ምርመራውን ስንጨርስ ከኪሳቸው ደብዳቤ አወጡ። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጣሳቸው ላይ ያለውን ገላጭ ጽሑፍ እንዲያስተካክሉ ያዘዘበት ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ለጠበቃ ነው ወይስ ለሐኪም?» አሉኝ። ለሁለታችንም ነበር።

ጉዳዩ እርሳስ የተባለው ብረት ነው። (የተማሪ እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፤ ስም ብቻ ይጋራሉ።) በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ የዘይት ቀለሞች እንዲደምቁ የእርሳስ ውህዶች ይጨመሩባቸዋል። በአገራችን ደንብ ቁጥር 429/2010 በአንድ ኪሎ ግራም የደረቀ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊ ግራም በላይ እርሳስ እንዳይኖር ይደነግጋል። ልኩ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለሙ ሲላላጥ አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፤ የሚድህ ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚሰርገው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። አእምሮን ከጎዳ በኋላ በመድኃኒት አይመለስም።

አምራች ከሆኑ፣ «ከእርሳስ ነፃ» ብለው ከማሳተምዎ በፊት ቀለሙን ያስመርምሩ። ብዙ ጊዜ እርሳሱ የሚገባው በግዥ ከሚመጣው ማቅለሚያ ዱቄት ስለሆነ አምራቹ ራሱ ላያውቅ ይችላል። አለማወቁ ግን አያድነውም፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት መግለጫ ይከለክላል። ጠበቃ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ዱቄቱን የሚያቀርበው ነጋዴ ለይዘቱ ኃላፊነት የሚወስድበትን ውል ያዘጋጅልዎታል፣ የጣሳውን ጽሑፍ ከደንቡ ጋር ያመሳክራል። ውሳኔው ተገቢ አይደለም ካሉም የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ የመጠየቅና አቤት የማለት በር ይከፍታል። የእኛ ነጋዴ ጠበቃ የሚፈልገው ዕቃው ከታሸገ በኋላ ነው፤ በሽተኛም ወደ እኛ የሚመጣው እንደዚሁ አርፍዶ ነው። ጊዜ ለመግዛት ብቻ ጠበቃ የሚቀጥረውን ግን አልደግፍም። ክርክሩ በተራዘመበት ወር የተሸጠው ቀለም የሰው ግድግዳ ላይ ነው።

ሸማች ከሆኑ ደግሞ ገላጭ ጽሑፍ የሌለውን ጣሳ አይግዙ። አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቁ፤ አርጥበው ይፋቁ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ከቤት ያርቁ።

እኚያን አባት የደም ናሙናቸውን እርሳስ ወደሚለካ ላቦራቶሪ ላክሁት። ደብዳቤውን በተሰጣቸው ቀነ ገደብ ውስጥ ለጠበቃ እንዲያሳዩ መከርኋቸው። በሥራ ልብሳቸው ወደ ቤት ይገቡ ስለነበር ሁለቱን ልጆቻቸውንም ለምርመራ እንዲያመጧቸው ነገርኋቸው።