ያልተለየ ዒላማ

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ መጻፍ ልማዳችን ቢሆንም፣ ለዛሬ ወታደርን በተለይ ሊያሳስበው የሚገባ አንድ ጉዳይ ከካርቱም እናነሣለን።

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት አጠገብ ያለው የሱንት ደን እ.ኤ.አ. በ1939 ተከልሎ የአዕዋፍ መጠጊያ ሆኖ ኖሯል፤ ከ2023ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ዛፎቹ በእጅጉ ተጨፍጭፈዋል። ከዚያ በስተደቡብ የጀበል አውሊያ ግድብ ውሃ ይገኛል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ዳክዬዎች በየዓመቱ በነዚህ ውሃዎች ያርፋሉ፤ ወገኖቻቸውም እስከ ጣናና ዝዋይ ይወርዳሉ። በእንግሊዞች አገዛዝ ዘመን በነጭ ዓባይ ዳር ዳክዬ መተኮስ የመኮንኖች መዝናኛ ነበር። (በእኛ አገር በአብዛኛው ቤት የዳክዬ ሥጋ ከድስት ስለማይገባ፣ ወፎቹ ከባለቤቶቻችን በኩል ሥጋት የለባቸውም።)

ከእንግዶቹ መካከል ባለ ቁንጮዋ ዳክዬ ቁጥሯ ብዙ ነው። ዝገት መሳይ ቀለም ያላት፣ ሊቃውንት አይቲያ ኒሮካ የሚሏት ግን ለመጥፋት ሥጋት ከተቃረቡት ተመዝግባለች። የሁለቱም እንስቶች ቡናማ ናቸው፤ በማለዳ ጭጋግ ከሚበር መንጋ መካከል ለይቶ ማወቅ ለባለ ልምዱም ያዳግታል።

አንድ የዱር እንስሳ ብቻውን ሲታደን፣ ቁጥሩ በተመናመነ መጠን አዳኙ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ተመሳሳይ ሲኖረው ግን ብዙኃኑ አዳኙን ወደ ውሃው ሲያመላልሱት፣ ጥቂቶቹ አብረው ይረግፋሉ። ከብዙ ሺህ መቶ ቢወድቅ ይተካል፤ ከጥቂት መቶ ላይ መቶ ከወደቀ ግን ምን ይተርፋል? አዳኙም ብርቅ ወፍ መግደሉን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይገባል።

በሳይቤሪያ ትፈለፈል የነበረች አንዲት ባለ ቀጭን መንቁር የውሃ ዳር ወፍ፣ በቁጥር ከሚበልጧት ሁለት ዘመዶቿ ጋር እየተመሳሰለች ትታደን ነበር። ረግረጉም ደረቀባት። ለመጨረሻ ጊዜ ያለ ጥርጥር ፎቶግራፍ የተነሣችው በየካቲት 1995 ሞሮኮ ውስጥ ነው፤ በ2025 መጥፋቷ በይፋ ታወጀ።

ወታደር በጨለማ የመጣን ጥላ ወገን ይሁን ጠላት ሳይለይ ቃታ አይስብም። የአዳኝም ሕግ ከዚህ ሊያንስ አይገባም ባዮች ነን፤ ያልለየውን ይለፈው።

ወደ ሐይቅ ዳር የምትወጡ ቤተሰቦች ለልጆቻችሁ ይህን አሳዩ፦ የዝገት መሳዩ ወንድ ዓይን ነጭ ሲሆን፣ የእንስቷ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ከጅራታቸው ሥር ያለው ነጭ ላባ ብቻውን አያስተማምንም፤ አንዳንድ ባለ ቁንጮ እንስቶችም አላቸው። የእነዚህ ዓይን ግን ቢጫ ነው።