መብራት ሲመለስ ባዶ ቤት የሚግለው ካውያ

ጧት ልብስ እየተተኮሰ መብራት ይጠፋል። ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ የሥራ ሰዓትም መድረስ አለና እናት ካውያውን ከሶኬት ሳትነቅል ትወጣለች። ረፋድ ላይ መብራቱ ሲመለስ ካውያው ሰው በሌለበት ቤት ይግላል። የዛሬው ዓምዳችን ይህን ሥጋት የሚያቃልል አንድ ዘዴ ይዞ ቀርቧል።

ሆም አሲስታንት በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በነፃ የሚገኝ የቤት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። ራስበሪ ፓይ በሚባለው መዳፍ በማታህል ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል። የሚሠራው እዚያው ቤት ውስጥ በመሆኑ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በዚግቢ ሬዲዮ የሚታዘዙ ሶኬቶችን መቆጣጠሩን አይተውም። ለነዚህ ሶኬቶች ብዙ ሰዎች ሁለት ተጨማሪ ፕሮግራሞችን ማለትም አድ-ኦኖችን ይጭናሉ። መልእክት አቀባዩ ሞስኪቶ ይቀድማል፤ የሬዲዮውን ቋንቋ የሚተረጉመው ዚግቢ-ቱ-ኤምኪውቲቲ ይከተላል። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሰካ አነስተኛ የሬዲዮ መቀበያም ያስፈልጋል፤ በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካ በሁለተኛው አድ-ኦን የማስተካከያ ገጽ ላይ መጻፍ አለበት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሶኬቱ ከስልክ በርቶ ሲጠፋ አይቶ ሥራው አለቀ ይላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ግን ዋናው ነገር ገና ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በየአድ-ኦኑ ገጽ ላይ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ የሚያዘው ምርጫ መብራቱን ማረጋገጥ ይገባል። ከሥሩ ያለው ዎችዶግ የተባለው ደግሞ አድ-ኦኑ በሥራ ላይ ሳለ ቢወድቅ መልሶ ያስነሣዋል፤ እርሱንም ማብራት ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ካውያው በኮምፒዩተሩ ላይ ብቻ መተማመን የለበትም። በብዙ የዚግቢ ሶኬቶች ላይ መብራት ሲመለስ ሶኬቱ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ። «እንደነበረ» የሚለው ትቶ «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለው ይመረጥ። ትእዛዙ በራሱ በሶኬቱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ኮምፒዩተሩ ባይነሣ እንኳ ካውያው አይግልም። ሶኬት ሲገዛ ይህ ምርጫ ያለው መሆኑን ሻጩን መጠየቅ አይጎዳም፤ አንዳንዱ የለውም።

ፈተናው ቀላል ነው። በካውያው ፋንታ አምፑል ሰክቶ ማብራት፣ ከዚያ የቤቱን ቆጣሪ ማጥፊያ አውርዶ ጥቂት ቆይቶ መመለስ። አምፑሉ ካልበራ ደኅና ነው።

ታዲያ ይህን የሰሙ አንዳንድ እናቶች ምጣዱንም እንዲሁ ለማድረግ ይመኙ ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። 10 አምፔር የሚል ሶኬት ግን በ220 ቮልት የሚችለው 2200 ዋት ብቻ ነውና ይቀልጣል። ለምጣድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ የራሱን መስመርና ማጥፊያ ማሠራት ነው የሚሻለው፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም በእጅ ማውረድ።