ፕላዝማው አይጠብቅም

በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሰራጭ ጀመር። እንግሊዝኛም በፕላዝማ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፤ ራሱ መልሶ ይሄዳል። «አልገባኝም» ለሚል የጋምቤላ ልጅ ጆሮ የለውም። የክፍሉ መምህር የማብሪያ ማጥፊያ ዘበኛ ሆኖ ቀረ። መብራት ሲጠፋስ? እሱንስ ተዉት!

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ኑዌርኛም አኙዋክኛም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ የተማረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው የእንግሊዝኛን ፊደል ይዞ ነው። ለመላው አገር በአንድ ልክ የተሰፋው ትምህርት ይህን ሀብት መች ቆጠረው?

አሁን ደግሞ ታብሌት ይባላል። ይምጣ፣ አልጠላም። ግን የልጁን ድርሰት ለመምህሩ አድርሶ፣ ታርሞ የሚመልስለት ይሁን፤ በኑዌርኛ ካነበበው ተነሥቶ ወደ እንግሊዝኛው የሚያሻግረው ይሁን።