የአህያዋ ጀርባም ጠባቂ ይፈልጋል

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ውርጌሳ፣ እህሉን ከገበሬው ደጃፍ ገበያ የምታደርሰው አህያ ናት። የውለታዋ ምላሽ ግን ብዙ ጊዜ ዱላና ገጣባ ነው።

የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አህያ ለቆዳዋ እንዳትታረድ ወስነዋል። ውሳኔው ከእርድ ቢታደጋትም ከቁስል አያድናትም፤ ይህ የባለቤቷ ድርሻ ነው።

ገጣባ የሚመጣው ደልዳል ሲሳሳ፣ ጭነት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል፣ የናይለን ገመድ ቆዳዋን ሲፈትግ ነው። አህያዋ ቆስላ ከዋለች ውኃውም እንጨቱም በእናቶችና በልጆች ጀርባ ላይ ይወድቃል። ወፍራም ደልዳልና ግራ ቀኝ የተመጣጠነ ጭነት ግን ብዙ ወጪ አይጠይቁም። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም ለክትባት ወደ ቀበሌ ሲወርዱ የአጫጫን ዘዴን አብረው ሊያስተምሩ ይገባል።