የባሕሩ ደለል ምስክርነት ከወንዙ ራስ ይጀምራል

ከናይል ዴልታ ወዲያ በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ የሄደ አፈር ነው። ለዚህ ዋነኛ ማስረጃ የሆነን ጂኦኬሚስትሪ ነው። ዓባይና ተከዜ በሰፊው የሚሸረሽሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ሲሆን፣ የነጭ ዓባይ ተፋሰስ በአመዛኙ ያረፈው እጅግ ጥንታዊ በሆነ የአህጉር ቅርፊት ላይ ነው። ስለዚህ ከደጋው የሚወርደው ደለል የስትሮንቲየም 87 ለስትሮንቲየም 86 ጥምርታው በ0.705 አካባቢ፣ የኤፕሲሎን ኒዮዲሚየም ዋጋው ደግሞ ለዜሮ የቀረበ ነው። የነጭ ዓባይ ደለልና የሰሃራ አቧራ በአንጻሩ ከ0.710 በላይ የሆነ የስትሮንቲየም ጥምርታና ከዜሮ በእጅጉ የወረደ የኒዮዲሚየም ዋጋ አላቸው።

ይህ ልዩነት ያስገኘው እውቀት ቀላል አይደለም። ከ10,000 እስከ 6,000 ዓመታት በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን፣ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሳፕሮፔል የተባለው ጥቁር ጭቃ ሲጠራቀም፣ በዴልታው አካባቢ በቁፋሮ የወጣ የደለል ዓምድ የስትሮንቲየም ጥምርታው ከፍ ብሎ ታይቷል። ይህም ዝናቡ በጨመረበት ጊዜ የደጋው አፈር ድርሻ መቀነሱን ያመለክታል። የተሰጠው ማብራሪያ ደጋው በዕፅዋት በመሸፈኑ አፈሩ ከመታጠብ ዳነ የሚል ነው። ዝናብ በበዛ ቁጥር ደለል ይበዛል ለሚለው ግምት ጠንካራ ማረሚያ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ስሌት ሁሉ የሚቆመው በምንጮቹ ላይ በተሰጠው ቁጥር ነው። በእኔ እምነት ደጋውን በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር መወከል ከእንግዲህ አያዋጣም። የዓባይ ሸለቆ ባዛልቱን ሰንጥቆ ወደ ኖራ ድንጋይ፣ ወደ አሸዋ ድንጋይና ወደ ጥንታዊው መሠረተ ዐለት ይወርዳል፤ የተከዜ ተፋሰስም እንዲሁ እነዚህን ሁሉ ያቋርጣል። ባዛልቱ ራሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በሰሜን ምዕራብ ቲታኒየሙ አነስተኛ፣ ወደ ምሥራቅ ከፍተኛ ነው። ታዲያ ሽርሸራው ከአምባው አናት ወደ ሸለቆው ግርጌ ቢዛወር፣ ነጭ ዓባይም ሰሃራም ምንም ሳይለወጡ በባሕር ውስጥ ያለው ቁጥር ይለወጣል። የራሳችን ገደል የላከውን መልእክት የሌላ ተፋሰስ አድርገን ልናነብ እንችላለን ማለት ነው።

በምንጮቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ የደጋው ውስጣዊ ልዩነት አያሳስብም የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። የሺህ ዓመታትን የአየር ንብረት ለሚያጠና ሰው ይህ በከፊል ያስኬዳል። የእርሻ መስፋፋትና የደን መመንጠር ከየትኛው ገባር ምን ያህል አፈር እንዳስኬደ ለሚጠይቅ ግን አይበቃም። ዓባይም ተከዜም ባዛልት የሚሸከሙ በመሆናቸው ስትሮንቲየምና ኒዮዲሚየም ብቻቸውን ሁለቱን በአግባቡ አይለዩም። ዚርኮን ቆጥረን እንለይ ብንል፣ ባዛልት በዚርኮን ድሃ ስለሆነ ዋናው ምንጭ ከዓይን ይሰወራል። ቲታኒየምም ቢሆን ከባድ ማዕድናቱን ውሃው በመንገድ እየለየ ስለሚያስቀር ያለ ቅንጣት መጠን ልኬት አይታመንም።

ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ የሆነው በግድቦቹ ምክንያት ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል ነበር፤ ዛሬ ወንዙም ሸክሙም ማደሪያ አግኝተዋል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ወደ ባሕሩ የሚደርሰው ደለል ከቀድሞው ጋር አይነጻጸርም። የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቀቀ፤ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሙሌትም በ2020 ተጀመረ። ስለዚህ ከግድቦቹ በታች የሚሰበሰብ ናሙና የተፋሰሱን የቀድሞ ገጽታ በታማኝነት አይወክልም። መለያው መሠራት ያለበት ከግድቦቹ በላይ፣ በየገባሩ አፍ ላይ ነው።

ስለዚህ በዓባይና በተከዜ ተፋሰስ የሚሠራ ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ጥናት፣ ርእሱ ጂኦኬሚስትሪ ባይሆንም እንኳ፣ ከየገባሩ የክረምት ሙላት ደለል ወስዶ በጋራ የናሙና ማኅደር እንዲያስቀምጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቦታው፣ ቀኑና የቅንጣቱ መጠን ይመዝገብ። ልኬቱ ሲደረግ ደቃቁ ከሻካራው ተለይቶ ይለካ፤ ካርቦኔቱ አስቀድሞ በደካማ አሲድ ይወገድ፤ ይህ በባሕር ናሙና ላይ ካልተደረገ በ0.709 አካባቢ ያለው የባሕር ውሃ ስትሮንቲየም ከወንዙ ጋር ይደባለቃልና። ስትሮንቲየምም ያለ ኒዮዲሚየም ብቻውን ለፍርድ አይቅረብ።

ማስ ስፔክትሮሜትር ውድ ነው፤ በአቅራቢያችን ላይገኝ ይችላል። አንድ ከረጢት ደለል በሥርዓት አንሥቶ ማስቀመጥ ግን ውድ አይደለም። መሣሪያውን ነገ ልናገኘው ወይም ከሌሎች ልንዋሰው እንችላለን፤ ዘንድሮ ሳይነሣ ያለፈውን የክረምት ደለል ግን ማንም አያበድረንም።