ምሳማ ሞልቷል፤ ሌሊቱን ማን ይደር?

ባለፈው ጥር አንድ ዘመዴ የአባቱን ሙት ዓመት «ቤት ደግሶ ከማባከን» ብሎ አካል ጉዳተኞች በሚኖሩበት አንድ ማዕከል ምሳ አበላ። የማዕከሉን ስም አልጠራም። ዶሮ ወጡ፣ ጥብሱ፣ ለስላሳው ተትረፍርፎ ነበር። ፎቶውማ እንደ ጉድ ተነሳ። ልንወጣ ስንል አስተዳዳሪዋን «ምን ይጎድላችኋል?» አልኳቸው።

«ምሳማ ጾም እስኪገባ ተይዟል፣ ጋሼ። የቸገረኝ ሌሊት የሚያድር ሰው ነው» አሉኝ።

እስቲ አብረን እናስላው። በራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው ገላው በአልጋ ቁስል እንዳይበላ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ሌላ ሰው ሊያገላብጠው ይገባል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አምስት ጊዜ መሆኑ ነው። እንዲህ ያሉ 12 ሰዎች ካሉ በአንድ ሌሊት 60 ጊዜ! ዳይፐር መቀየሩን፣ ውኃ ማጠጣቱን፣ የሚጥል በሽታ የተነሳበትን መያዙን አልቆጠርኩም። ይህን ሁሉ የምትሠራው አንዲት ተንከባካቢ ናት። ኧረ የእሷስ ወገብ?

«አንድ ሰው ጨምሩበታ» ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሌት ተቀን ነቅቶ እንዲገኝ ሦስት ተኩል ደመወዝ ይፈልጋል። የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲጨመርበት አራት በሉት። ይሄ ሁሉ ለአንድ የሰው ቦታ ነው!

እኛ ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር ሲነሳ ፊታችን ይጠቁራል። «ገንዘቤ ለችግረኛው ይድረስ እንጂ ለሠራተኛ አይደለም» እንላለን። ለመሆኑ ማታ በ8 ሰዓት ለችግረኛው ምን ሆኖ እንዲደርስለት ነው የምንፈልገው? ዶሮ ወጥ ሆኖ? የድርጅቶች አዋጁ 1113/2011 እንኳ 20 በመቶ ጣሪያ ያበጀው ለአስተዳደራዊ ወጪ ነው፤ ተንከባካቢዋ ደግሞ ራሷ ዓላማው ናት። በለጋሹ ጭንቅላት ውስጥ ግን ከቢሮው ምንጣፍ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ሰፍራለች።

መንግሥትንም አልምርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን የመርዳት ግዴታ ጥሎበታል፤ አቅም በፈቀደ መጠን የምትል መውጫ ቀዳዳ ብትኖርም። ደመወዙን መክፈል ካቃተው ቢያንስ ቁጥጥሩን በሌሊት ያድርገው። የተወለወለ ወለል በቀን ማየት ምን ይረባል? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በር አንኳኩቶ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ነቅቷል?» ብሎ ይጠይቅ።

ዘመዴን «ለከርሞ የምሳውን ገንዘብ ለሌሊት ደመወዝ ስጥ» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ ሰው ምን ያያል?» አለኝ። እስከ ዛሬ እየተጨቃጨቅን ነው።